አዲሱን ኢንጂን የፈተንኩበት ሐሙስ

ጌም ሠሪ ነበርኩ ስላችሁ አትሳቁብኝ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ይህን ስናገር ያልሳቀ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ሰሊጥ የሚያጭድ፣ ማሽላ የሚያርም፣ ሻይ የሚያፈላ ሐበሻ ያውቃሉ፤ ስልክ ላይ የሚሮጥ ሥዕል የሚሠራ ሐበሻ ግን አይተው አያውቁም። ጎንደር ሦስት ዓመት ኮምፒውተር ተምሬያለሁ። አራተኛውን ዓመት ጦርነት በላብኝና በመተማ አድርጌ ድንበሩን ተሻገርኩ። ከዚያ በኋላ ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ የአገሬ ሰው ገበያው ጫፍ ላይ ባላቸው ሱቅ ስልክ እየጠገንኩ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል እያደርኩ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

ብቸኛ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር አወራለሁ፤ የማወራው ግን ስለ ስክሪንና ስለ ቻርጀር ነው። ሐጂም ደግ ናቸው እንጂ ወሬ አያበዙም። ሱቁ ሲዘጋ በዚያ ቀን በስሜ የጠራኝ ሰው እንዳልነበረ ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ የምጠግነውን ስልክ “አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?” እያልኩ እጠይቅ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሰው በጋቢ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ይዞ ገባ። ሀሸም ይባላል። ከካርቱም በጦርነቱ ተፈናቅሎ የመጣ ነው። እዚያ ጌም የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ነበረው፤ ከሠራተኞቹ ውስጥ ገዳሪፍ አብራው የደረሰችው አንዲት ሠዓሊ ብቻ ናት። ላፕቶፑን ስከፍት የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች ሰምቶ “የት ነው የተማርከው?” አለኝ። በሳምንቱ የድርጅቱ ሦስተኛ ሰው ሆንኩ። ሱዳኖች መሐንዲስን ሲያከብሩ “ባሽመሃንድስ” ነው የሚሉት። እኔ እሱን እንደዚያ ስጠራው እሱም መልሶ እኔን “ባሽመሃንድስ” ይለኛል። በዚህ አገር እንዲህ ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ስለዚህ እምቢ ልለው የምችለው ነገር አልነበረም።

የተሰጠን ሥራ ለልጆች የሚሆን የስልክ ጌም ነው። በድንበሩ አካባቢ ያሉ ልጆች እርሻ ውስጥ የሚያገኙትን የማያውቁትን፣ ሊፈነዳ የሚችል ብረት እንዳይነኩ የሚያስተምር። ገንዘቡን የሰጠን አንድ የእርዳታ ድርጅት ነው። ጌሙን ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር መቁረጥ ነበረብን፤ በየትኛው ኢንጂን እንሠራዋለን የሚለውን።

ኢንጂን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ጌም ሲሠራ ዝናቡ እንዴት እንደሚወርድ፣ የተወረወረ ድንጋይ የት እንደሚያርፍ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላው እንዴት እንደሚረዝም ሁሉም መጻፍ አለበት። ያን ሁሉ ከባዶ የሚጽፍ ብዙ የለም፤ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ፕሮግራም ወስዶ በላዩ ይሠራል። ኢንጂን ማለት ያ ፕሮግራም ነው። ከፊታችን ሁለት ነበሩ። አሮጌው ቀላል ነው፤ ግን ብዙውን ነገር በእጅ መሥራት ይጠይቃል። ገና የወጣው አዲሱ ደግሞ ዛፉንም፣ ዝናቡንም፣ ጥላውንም አዘጋጅቶ ያቀርባል። ባሽመሃንድስ ሀሸም እንዳሰላው በአሮጌው ስምንት ወር የሚፈጅ ሥራ በአዲሱ በሦስት ወር ያልቃል። የጌም ወጪ ደግሞ ከሞላ ጎደል የሰው ደሞዝ ነው፤ ወሩ ካጠረ ወጪውም ያጥራል። በአዲሱ ከሄድን ገንዘቡ ለሦስታችንም ይበቃል። በአሮጌው ከሄድን ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚበቃው፤ የሚቀነሰው መጨረሻ የገባሁት እኔ ነኝ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ለማወቅ ግን ሂሳብ መማር አያስፈልግም።

ገዳሪፍ የኖረ ሰው ይህን ነገር ከትራክተር ያውቀዋል። ትራክተር የሠራተኛ ቀን ይቀንሳል፣ ነዳጁን ግን የሆነ ሰው ይከፍላል። የአዲሱን ኢንጂን ነዳጅ ማን እንደሚከፍል ያኔ አልጠየቅንም።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም አዲሱ እንዲያሸንፍ ፈልጌ ነበር። በደሞዙ ምክንያት ብቻ አይደለም። ለሙከራ ብዬ አንድ ኮረብታ ሠርቼ ዝናብ ለቀቅኩበት። ዝናቡ ከሩቅ እየጠቆረ መጥቶ ሳሩን እያጎነበሰ ያልፋል። ልክ የእኛ ሰፈር የሰኔ ዝናብ ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍሌ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አየው ነበር። ጎኑን ነክቼ “እይ እስቲ” የምለው ሰው ስላልነበረ ብቻዬን አየዋለሁ።

ባሽመሃንድስ “ስልክ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ሂድና በሰዎቹ ስልክ ፈትነህ ፍርድህን ጻፍልኝ” አለኝ። ሁለቱንም ሙከራዎች በላፕቶፕ ይዤ፣ አንድ ፓወር ባንክ በቦርሳዬ ከትቼ ሐምሌ ላይ በቦክሲ፣ በዚያች ከኋላዋ ሰው በምትጭን ፒክአፕ፣ ወደ ቁረይሻ ሄድኩ። ከቁረይሻ አለፍ ብሎ የአገራችን ሰዎች ለእርሻ ሥራ የሰፈሩበት ካምቦ አለ። ረቡዕ ማታ ደረስኩ። ኸሪፉ፣ የሱዳን ክረምት፣ ገብቶ ነበር፤ ከኋላዬ ዝናቡ ሲጥል መንገዱ ተዘጋ።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሥራ ጀመርኩ። የአምስት ሰዎችን ስልክ ለመንኩ። ሁሉም ደህና ስልኮች ነበሩ፤ አዲሱ ኢንጂን በእነሱ ላይ እየተንፏቀቀም ቢሆን ሠራ። እኔ ግን የምፈልገው ደካማ ስልክ ነበር። የዚህ ሥራ ደንብ እንዲህ ነው፤ በጥሩ ስልክ የተፈተነ ጌም አልተፈተነም። “ከሁሉ የባሰ አሮጌ ስልክ ያለው ማነው?” ብዬ ስጠይቅ ወደ አንዲት ጎጆ ጠቆሙኝ።

የጎጆዋ ባለቤት እማማ አለሚቱ ይባላሉ። የአርማጭሆ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል፤ በእርሻው ለሠራተኞች ምግብ ያበስላሉ። ስልካቸው ስክሪኑ ተሰንጥቆ፣ ጀርባው እንዳይወድቅ በላስቲክ ታስሯል። ሳየው ደስ አለኝ። ከሰላምታው በኋላ ምን እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዝ አድርገው ወደ ሰማይ አዩ። ደመናው ከተከደነ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

“ብዙ ትቆያለህ?” አሉኝ።

“ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው እማማ።”

“እንግዲህ ምን አለበት፣ ውሰደው ልጄ” አሉ።

ስልኩ ሰማንያ ከመቶ ቻርጅ ነበረው። አሮጌውን ኢንጂን ሃያ ደቂቃ አጫወትኩት፤ የቀነሰው ስድስት ብቻ ነው። ጻፍኩ። ቀጥሎ አዲሱን ከፈትኩ። ወዲያው መሞቅ ጀመረ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ፍርዱ ግልጽ ነበር፤ በዚህ ስልክ አይሆንም። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን እማማ አለሚቱ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን ሲያዩ ዝናቡ መጣ።

“ይኸ የእኛ አገር ዝናብ ነው” አሉ። “ሰኔ ሲገባ በዳገቱ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አንተ ነህ የሠራኸው?”

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አዎ አልኩና ኮረብታውን ዞሬ አሳየኋቸው። ዛፉን፣ ጅረቱን፣ ደመናው ሲገፈፍ የሚወጣውን ብርሃን ሁሉ አሳየኋቸው። እሳቸውም “ወይ ጉድ”፣ “እንዲያው ብልሃት ነው” እያሉ ተከተሉኝ። ሃያ ደቂቃ ያልኩት አንድ ሰዓት አለፈው። ስልኩ እጄን ሊያቃጥለው ደረሰ። ሠላሳ ከመቶ ላይ ሲደርስ ድርግም ብሎ ጠፋ። ያረጀ ባትሪ እንዲህ ነው፤ ሠላሳ አለኝ እያለ ድንገት ይከዳል። ስልክ ጠጋኝ ነኝና ማወቅ ነበረብኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። “ምንም አይደል ልጄ” አሉና ስልኩን ተቀብለው ጎጆው ደጃፍ ባለው አልጋ ላይ ተቀመጡ። ስልኩን በነጠላቸው ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ ውጤቱን ስጽፍ ጎረቤታቸው ብርቄ መጥታ ከአጠገቤ ቆመች።

“አንተ ሰው፣ የሴትዮዋን ስልክ ምን አደረግከው?” አለችኝ። “ዛሬ እኮ ልጇ የሚደውልበት ቀን ነው።”

ነገሩን ከእሷ ሰማሁ። ሀብታሙ የሚባል ልጃቸው ሊቢያ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ባሕሩን የሚያሻግሩት ሰዎች ተራ አስይዘውታል። ከቤት ሲወጣ ግን “ሳትመርቂኝ ውኃ አልሻገርም” ብሎ ለእናቱ ምሏል። ሦስት ጊዜ ደውሎ ምርቃት ጠይቋቸው ሦስቱንም ጊዜ አልቅሰው እምቢ ብለውታል። በመጨረሻ በድምፅ መልእክት “ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ በሰው ስልክ እደውላለሁ፤ ማታውን ይጭኑናል፤ ካልመረቅሽኝ እቀራለሁ” ብሏቸዋል። ያ ሐሙስ ዛሬ ነው። ሰዓቱ ሰባት ሊሆን ነው።

ለምን አልነገሩኝም አልኳት። ብርቄ አየችኝና “እንግዳ ለምኖ እምቢ ይባላል እንዴ?” አለች። እሷም ብትሆን ትሰጠኝ ነበር። እኔም በቦታው ብሆን እሰጥ ነበር። ከሚገድለን ብዙ ነገር አንዱ ይህ ይሉኝታ ነው።

ስልክ የሚያውቅ አንባቢ አሁን “ሲሙን አውጥተህ በሌላ ስልክ አትከተውም?” እንደሚለኝ አውቃለሁ። የስልክ መስመር በዚያ ሰፈር ከሞተ ቆይቷል። ሰው የሚደዋወለው በኢንተርኔት ነው፤ የእማማ አለሚቱ ሲም ደግሞ ከሠራ ዓመት አልፎታል። ልጃቸው የሚያገኛቸው አካውንትም፣ እሱ የሚደውልበት ቁጥርም ያለው በዚያች ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። በሌላ ስልክ ልክፈተው ብል መልእክት የሚቀበል ሲም ይጠይቀኛል። ስለዚህ ያቺው ስልክ መነሳት አለባት።

ፓወር ባንኬ በጠዋቱ ፈተና አልቋል። ላፕቶፔን ከስልኩ ጋር ባገናኘው ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሰጥ እሱም ጠፋ። ወደ ዓብዱ ሱቅ ሮጥኩ። ዓብዱ የሳተላይት ኢንተርኔት ያለው ባለ ሱቅ ነው፤ ጣሪያው ላይ ሁለት የፀሐይ ሰሌዳ አለው። ፀሐይ ከጠፋች ሦስት ቀን ስለሆነ ኢንተርኔቱን በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ነበር የሚከፍተው። ስልክ ቻርጅ ላድርግ ስለው ባትሪውን አሳየኝ። “ለስልክ ከሰጠሁ ኢንተርኔቱ አይነሳም” አለ። “ኢንተርኔቱ ካልተነሳ ደግሞ ስልኳ ምን ታደርግላታለች?” ልክ ነበር።

ከዚያ ሌላ ኤሌክትሪክ ያለው የትራክተር ባትሪ ላይ ብቻ ነው። ካምቦው ውስጥ የነበረው ትራክተር ደግሞ ወደ እርሻው ሄዶ ጭቃ ይዞታል። ስንት ያስኬዳል ብል በደረቅ መሬት አንድ ሰዓት አይሞላም አሉኝ። ብቻዬን ልሄድ ስልኩን እንዲሰጡኝ እማማ አለሚቱን ለመንኳቸው።

“ስልኬ ወደሚሄድበት እሄዳለሁ” አሉና ጫማቸውን አውልቀው ተነሱ።

የዚያን አገር ጥቁር መሬት በኸሪፍ የረገጠ ያውቀዋል። ጭቃው ከእግር ጋር ይነሳል። አሥር እርምጃ ሄዳችሁ ቆማችሁ በእንጨት ካልፋቃችሁ እግራችሁ አልነሳ ይላል። እማማ አለሚቱ ከኋላዬ ናቸው ብዬ ስዞር ከፊቴ ሆነው አገኘኋቸው። ተቆጥተው ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ፤ አልተቆጡም። ግማሽ መንገድ ላይ ልጃቸውን ለምን እምቢ እንዳሉትና ለምን ሐሳባቸውን እንደቀየሩ ነገሩኝ።

“ባሕሩን ፈርቼ ነበር” አሉ። “ቅር፣ ተመለስ እለው ነበር። ከትናንት ወዲያ አንድ ከዚያ የተመለሰ ልጅ መጥቶ የመመለሻውን መንገድ ነገረኝ። ከባሕሩ የከፋ ነው። ከፊቱም ሞት፣ ከኋላውም ሞት ከሆነ ቢያንስ የልቡን ይሂድ ብዬ ቆረጥኩ። ዛሬ ልመርቀው ነው።”

“ታዲያ እማማ፣ ስልኩን ስወስድ አንድ ቃል ቢሉኝ ምን ነበረበት?”

“ሃያ ደቂቃ አልከኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ደስ ብሎህ ታሳየኝ ነበር። የሚያይልህ ሰው ያጣህ መሰለኝ።”

እዚያ ጭቃ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሳቸው “በል ሂድ፣ ሰዓቱ ይሄዳል” ብለው አለፉኝ።

ትራክተሩ ጋ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነበር። ሹፌሩ ሱዳናዊ ነው፤ ከትራክተሩ ሥር ተኝቶ ነበር። ስነግረው አንድም ነገር ሳይጠይቅ የራሱን ስልክ ከቻርጀሩ ነቅሎ የእኛን ሰካ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ምንም የለም። ሙቀት ያሳበጠው ባትሪ ቻርጅ አልቀበል አለ። ጀርባውን ፈትቼ ባትሪውን አወጣሁና ጫፎቹን በልብሴ ጠርጌ መለስኩት። ከብዙ ቆይታ በኋላ በስክሪኑ ላይ አንድ ነጭ ክብ መዞር ጀመረ። ዘጠኝ ከሩብ ላይ ሁለት ከመቶ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ስድስት ከመቶ ሆነ።

እማማ እንሂድ አሉ። እኔ በስድስት ከመቶ ጥሪ አይቻልም፣ ትንሽ እንቆይ አልኩ። ሹፌሩ ሰማዩን አሳየን፤ ዝናቡ ከማዶ እየጠቆረ ይመጣ ነበር። ዘጠኝ ከመቶ ሲሞላ አጠፋሁት፣ በፌስታል ጠቅልዬ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩትና ተነሳን።

ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። የእውነቱ ዝናብ ነው፤ እኔ ከሠራሁት ጋር አይገናኝም። የምንረግጠውን አናይም ነበር። እማማ ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ላዝላቸው ብዬ ሁለታችንም ወደቅን። ሰዓቴ አሥር ሲል የካምቦው ዛፍ እንኳ አልታየም። ያን ጊዜ ልጁ ከሊቢያ እየደወለ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ዓብዱ ሱቅ በር ስንቆም አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ኢንተርኔቱን ዘግቷል። እማማ አለሚቱን ከእግር እስከ ራስ አየና የራሱን መብራት አጥፍቶ ኢንተርኔቱን መልሶ ከፈተ። “አምስት ደቂቃ” አለ። ስልኩን አበራሁት። እየተጎተተ ተነሳ። ሦስት ያልተነሱ ጥሪዎች ተከታትለው ገቡ፤ አሥር ሰዓት፣ አሥር ከአሥር፣ አሥር ተኩል ላይ።

ደወልን፤ አይነሳም። ደግመን ደወልን፤ ያኛው ስልክ ጠፍቷል። ሦስት ከመቶ ቀርቶናል። “ድምፅዎን ይላኩለት” ብዬ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። እማማ አለሚቱ ጭቃ የለበሰ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቀጥ ብለው ቆሙና መረቁት። ያሉትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። መልእክቱ ወጣ፤ ጎኑ ላይ ግን አንዲት ምልክት ብቻ ቀረች። ሁለተኛዋ ብትመጣ ደርሶታል ማለት ነበር። ሳትመጣ ስልኩ ጠፋ።

መንገዱ እስኪከፈት እስከ ቅዳሜ እዚያው ቆየሁ። ምልክቷ አንድ እንደሆነች ቀረች። እማማ አለሚቱ ምሳ አበሉኝ፣ ልብሴን አጠቡልኝ። በፊቴ አንድም ቀን አላለቀሱም፤ ብርቄ ግን ከጎጆው ጀርባ እንደሚያለቅሱ ነገረችኝ።

ገዳሪፍ ተመልሼ ፍርዴን ጻፍኩ። አዲሱ ኢንጂን የሠሪውን ወጪ ይቀንሳል፤ የቀነሰውን ግን በተጫዋቹ ስልክ ላይ ይጭነዋል አልኩ። ስምንት ወራችን ሦስት ሲሆን የተረፉት አምስት ወሮች አልጠፉም፤ ፀሐይ ጠብቀው ስልክ የሚሞሉ ሰዎች ይከፍሏቸዋል። ባሽመሃንድስ ሁለት ጊዜ አነበበው።

“ገንዘቡን የሰጡን የጠየቁት የእኛን ወጪ ነው፤ የሴትዮዋን ባትሪ ማን ጠየቀህ?” አለኝ።

“ማንም አልጠየቀኝም።”

“በአሮጌው ከሠራን የምትወጣው አንተ እንደሆንክ ታውቃለህ?”

አውቃለሁ አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በሳምንቱ በአሮጌው እንዲሠራ ወሰነ። እኔም ወደ ሐጂ እንድሪስ ሱቅ፣ ወደ ስክሪንና ቻርጀሬ ተመለስኩ። አሁንም መንገድ ላይ ስንገናኝ ባሽመሃንድስ ይለኛል፤ ግን ፈጠን ብሎ ያልፋል።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለውን ተረት ድሮ ለክፉ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። እኔ ክፉ አልነበርኩም፤ ብቸኛ ነበርኩ፣ መወደስ አምሮኝ ነበር፤ በቃ። እናንተም ለሰው የሚሆን ነገር የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሰውን ዕቃ ስትለምኑ “እሺ” ስለተባላችሁ እሺ እንዳይመስላችሁ። እኔ አሁን ስልክ ሲመጣልኝ “እስከ ነገ ላቆየው?” ብዬ ባለቤቱን ጠይቄ አላበቃም። አብሮት የመጣውንም እጠይቃለሁ።

መስከረም ላይ እማማ አለሚቱ በዓብዱ ኢንተርኔት ደወሉልኝ። ሀብታሙ ከነገ ወዲያ ገዳሪፍ ይገባል፣ መንገዱ እስኪከፈት አስጠጋው አሉኝ። ምርቃት አላገኘሁም ብሎ ከመጫን ቀርቶ፣ ያንኑ የፈሩለትን መንገድ ተመልሶ መጣ። ከመኪና ሲወርድ የግራ እጁ በጨርቅ ታስሮ ነበር። በዚያ ሐሙስ ማታ የተጫኑት ጓደኞቹ በሰላም ደርሰው ፎቶ ልከውለታል። ፎቶውን አሳየኝ። እናቱ ስልኩ ለምን እንደጠፋ አልነገሩትም፤ ባትሪው ሞቶ ነው ብለውታል።

አራት ቀን በአንዲት ክፍል አብረን ተኛን። አብሮኝ የሚያድር ሰው ከተመኘሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ እሱ ሲመጣ ግን ዓይኑን ማየት አቃተኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ነገርኩት። የዚያን ሐሙስ ነገር ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ማታው አሥራ አንድ ሰዓት አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠና ጌሙን አሳየኝ አለ። ላፕቶፑን ከፍቼ ዝናቡን አሳየሁት። ብዙ አየው።

“ለዚህ ነው?” አለኝ።

“ለዚህ ነው።”

የሚመታኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። እሱ ግን ፊቱን ከስክሪኑ ሳያነሳ እናቱ ምን ብላ እንደነበር ጠየቀኝ። መልእክቱ የተላከበት የጓደኛው ስልክ ባሕር ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ድምፁን የሰማ ሰው የለም። ከራሳቸው፣ ከዓብዱና ከእኔ በቀር ቃሉን የሚያውቅ አልነበረም።

እኔ ለምርቃት የምበቃ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም እንደ እሳቸው ቀጥ ብዬ ቆምኩና እንዳሉት አልኩት። “መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ። ውኃው ይተኛልህ። እግርህን እንቅፋት አይንካው። በሰው አገር ግርማ ሞገስ ይስጥህ። ካሰብከው ያድርስህ፤ እኔ ባላይህም አይክፋኝ፤ ብቻ ደህና ሁንልኝ።”

ሀብታሙ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ደህናውን እጁን ዘረጋ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ “አሜን” አለ።